ግሸን በምን እንሂድ?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከአዳማ ነኝ። ነፋሱ መስኮቱን እየደበደበው ነው። ድምፅ ከገባባችሁ እሱ ነው፣ ታገሱኝ።

ዛሬ የማወራው ስለ መኪና ነው። እማዬ ዘንድሮ ግሸን ማርያምን ሳልሳለም አልቀርም ብላለች። ስለት አለባት። የተሳለችው ጃንጥላ ነው። ተገዝቶ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ ሳሎናችን ጥግ ቆሟል። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው። በገባሁ በወጣሁ ቁጥር "መቼ ነው?" የሚለኝ ይመስለኛል።

ጎረቤታችን እትዬ ነገሩን ሊያቀሉልን ሞክረው ነበር። "ዝቋላ አቦ አፍንጫችን ሥር እያለ ወሎ ድረስ ምን አንከራተታችሁ?" አሉ። እውነት ነው፣ ዝቋላ ቅርባችን ነው። ሰማዩ ጥርት ሲል ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ፈጣን መንገድ ላይ ሆነን እናየዋለን። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ከዚህ ከተማ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። እማዬ ግን ቡናዋን አስቀምጣ፣ "ለማርያም የተሳልኩትን ለአቦ ላስረክብ?" አለች። በቃ፣ ወሬው እዚያው አለቀ።

ላልሄዳችሁ ልንገራችሁ። ግሸን ደቡብ ወሎ፣ አምባሰል ያለ አምባ ነው። አናቱ የመስቀል ቅርጽ አለው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ግማደ መስቀሉን በ1446 ዓ.ም. መስከረም 21 ቀን እዚያ እንዳሳረፉት ይነገራል። ዓመታዊው በዓልም ያን ዕለት ነው። ቦታው የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚጠበቁበት አምባም ነበር። ዙሪያውን ገደል ነው፣ መግቢያው አንድ ነው። እንግዲህ ልዑል እንዳያመልጥ ተብሎ የተመረጠ ቦታ፣ ጉልበቷን ለሚያማት ለእማዬ ይመቻል ብላችሁ አትጠብቁ።

እኔ አንዴ ሄጃለሁ፣ ተማሪ ሆኜ፣ በጉዞ ማኅበር አውቶቡስ። ደስ ይል ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተን፣ ከኋላ ከበሮ እየተመታ፣ ቆሎ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው የሄድነው። የማታውቁት ሰው ትከሻ ላይ ትተኛላችሁ፣ ስትነቁ ዘመድ ሆናችኋል። ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማበር ስንደርስ ግን ዝማሬው ቀዘቀዘ።

ይኼን መንገድ በከፍታ አስቡት። አዳማ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት። ጣርማበር ከ3,000 በላይ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረውን ዋሻ ትገቡና፣ በዚያኛው በኩል ጉሙን ሰንጥቃችሁ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ሙቀት ነው። ከዚያ ደግሞ ኮምቦልቻን አልፋችሁ ደሴ ድረስ ወደ 2,500 ትወጣላችሁ። ጆሮ ይደፈናል፣ ሆድ ይገለበጣል። ፌስታል ሲታደል ትዝ ይለኛል። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ሎሚ እያሸተተች ነው ደሴ የገባችው።

ለወጣት ይኼ ጨዋታ ነው። እማዬ ግን ስኳር አለባት። ደፍሬ ልናገረው፦ ለእሷ የመኪና ምርጫ ማለት ሽንት ቤት ማለት ነው። ስልሳ ሰው የጫነ አውቶቡስ ለአንድ እናት በየሰዓቱ አይቆምም። ቢቆምም እሷ አትጠይቅም። በቀደም ደሴ ለለቅሶ ስትሄድ ውኃ ሳትጠጣ ነበር የዋለችው። ይኼን የነገረችኝ ከተመለሰች በኋላ ነው። ስለ ትራንስፖርት ስናወራ ስለ ዋጋና ስለ ሰዓት እናወራለን፣ ስለዚህኛው ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። እናቶቻችን ጉሮሯቸው ደርቆ ነው አገር የሚያቋርጡት።

ስለዚህ መጀመሪያ አውሮፕላን አልኩ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሽንት ቤት አለው። እማዬ ሰማችኝና ሳቀች። "ሳልደክም ደርሼ ምን ብዬ ልለምናት?" ተከራከርኩ። ከኮምቦልቻ በኋላ ደሴ፣ ከደሴ በኋላ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ተራራ ለተራራ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የእግር ዳገት አለ፣ ድካም አይጠፋም አልኳት። "ጃንጥላውስ?" አለች። ጓዝ ክፍል እንደሚገባ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። የማርያም ጃንጥላ ከሻንጣ ሥር! አውሮፕላኑ እዚያ ላይ ቀረ።

ከዚያ አጎቴ መጣ። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፣ አዳማ ውስጥ እንደ እሱ ያለ ሰው የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። "ለምን ወደ አዲስ አበባ ወደ ኋላ ትመለሳላችሁ? በአዋሽ፣ በሚሌ አድርጋችሁ፣ በባቲ ኮምቦልቻ ግቡ" አለ። ኪሎ ሜትሩ ይበልጣል፣ ጣርማበርን ግን ያስቀራል። ማስታወክ የለም፣ ጉም የለም። ሐሳቡ ልቤን ነክቶት ነበር። ግን የአፋር ሙቀት ከስኳር ጋር፣ ውኃ ከማትጠጣ ሴት ጋር… አይሆንም። መንገዱም የከባድ መኪና ነው። (በነገራችን ላይ ከአዋሽ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ ሐዲድ ተዘርግቷል። ባቡሩ ሰው ጭኖ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይኼን ክፍል አልቀርጽም ነበር።)

የቀረን ኮንትራት ነው። አንድ ሀይሩፍ፣ ከእድሩ እናቶች ጋር ተዋጥተን። ዋጋ አልጠራም፣ እናንተ እስክትሰሙት ይቀየራል። ሹፌሩን ፍራንኮ አካባቢ ሻይ ቤት አግኝቼ አወራሁት። ከፍጥነቱ በፊት የጠየቅኩት "የትም ቦታ ትቆማለህ?" ብዬ ነው። "እናቴንም ወስጃታለሁ፣ ገብቶኛል" አለኝ። ዋጋ ሳልከራከር ተስማማሁ፣ እማዬ እንዳትሰማ።

ይኼ ሁሉ እንግዲህ መንገዱ ሰላም ከሆነ ነው። ዘንድሮ ከታሪፍ በፊት የሚጠየቀው እሱ ነው። ሹፌሩ ደሴ ያለ ጓደኛው ጋር በየቀኑ ይደውላል። መንገዱ አላማረኝም ካለ እንቀራለን፣ ወይም ከበዓሉ በኋላ ሰው ሲቀንስ እንሄዳለን። እንዲያውም ለእኔ ያኛው ይሻለኛል። በበዓሉ መኪና ስለሚጨናነቅ ከሩቅ ነው የሚያወርዷችሁ። እማዬን በዚያ ሕዝብ መሃል ዳገት ማስወጣት ያስፈራኛል። በቅሎ ይገኛል ብያታለሁ። "ታስረው የነበሩት የንጉሥ ልጆች በእግራቸው አይደል የወጡት?" አለችኝ። በምን እንደወጡ እኔ ምኑን አውቄ።

ትናንት ማታ ሹፌሩ ደወለ። ስንት ሰው እንደሆንን ለማረጋገጥ ነው። 11 ነን አልኩት። ዕቃ ፖርቶ መጋላ ላይ እንደሚታሰር ነገረኝ። እማዬ ከጓዳ ሰምታ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

"የለም ልጄ፣ 12 ነን" አለችው።

ዛሬ ጠዋት የአሥራ ሁለተኛውን ሒሳብ ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችኝ። ለጃንጥላው። መስኮት አጠገብ እንዲሆን ትፈልጋለች።