ለመዝጋት 15 ደቂቃ፣ ለመክፈት ከ5 ቀን በላይ

[ምስል፦ የመቆጣጠሪያ ክፍል። ሌሊት። አንድ ስክሪን ላይ ብቻ ጽሑፍ ይታያል።]

እ.ኤ.አ. ሜይ 7 ቀን 2021 ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ የአሜሪካው ነዳጅ አስተላላፊ ኩባንያ የኮሎኒያል ፓይፕላይን የመቆጣጠሪያ ክፍል ሠራተኛ ኮምፒውተሩ ላይ የማስለቀቂያ ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ያያል። 12 ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ፓምፖቹን የማቆም ሥራ ይጀመራል። 12 ሰዓት ከ10 ሲሆን ከሂዩስተን፣ ቴክሳስ፣ እስከ ሊንደን፣ ኒው ጀርሲ፣ የሚዘልቀው መስመር በሙሉ ጸጥ ብሏል። 8,850 ኪሎ ሜትር ገደማ ቧንቧ በ15 ደቂቃ ውስጥ ተዘጋ። የአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ከሚጠቀመው ነዳጅ 45 በመቶ ያህሉ የሚያልፈው በዚህ መስመር ነው።

ለመዝጋት ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለገም። ዳርክሳይድ የተባለው የሰርጎ ገቦች ቡድን የቆለፈው የኩባንያውን የቢሮ ኮምፒውተሮች ነበር። ኩባንያው መስመሩን ያቆመው ጥቃቱ ወደ ፓምፖቹና ወደ ቫልቮቹ እንዳይዛመት ሰግቶ ነው። የተጠራጠረ ይዘጋል፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ነገሩ የሚከብደው መልሶ ሲከፈት ነው።

[ምስል፦ ኮረብታ የሚያቋርጥ ቧንቧ በአኒሜሽን። አናቱ ላይ ነዳጁ ለሁለት ይከፈላል።]

ለምን ይከብዳል? የቆመ ቧንቧ እንደተዘጋ ጠርሙስ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ኮረብታ ላይ ያለው ነዳጅ በሁለቱም በኩል ቁልቁል ይሸሽና አናቱ ላይ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ፓምፑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሞላው ያንን ባዶ ነው። ስለዚህ በአንዱ ጫፍ የገባው በሌላው ጫፍ ከሚወጣው ይበልጣል፣ ማስጠንቀቂያውም ይጮኻል። ችግሩ፣ የተቀደደ ቧንቧም የሚያሳየው ይህንኑ ምልክት ነው።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2010 ሚሺጋን ውስጥ፣ ማርሻል ከተማ አቅራቢያ የሆነው ይኸው ነው። የኤንብሪጅ ኩባንያ ድፍድፍ ዘይት ማስተላለፊያ በታቀደ የመዝጋት ሥራ መጨረሻ ላይ ተቀደደ። ካናዳ፣ ኤድመንተን፣ የተቀመጡት የኩባንያው የመቆጣጠሪያ ክፍል ሠራተኞች ማስጠንቀቂያውን «ባዶ ቦታ ነው» ብለው ተረጎሙት። መስመሩንም ሁለት ጊዜ አስነሱት። 17 ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ የነገራቸው ከእነሱ ውጭ የሆነ ሰው፣ የአካባቢው የጋዝ ድርጅት ሠራተኛ ነው። ከፈሰሰው 3.2 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ውስጥ 81 በመቶው የወጣው በእነዚያ ሁለት የማስነሳት ሙከራዎች ጊዜ መሆኑን የምርመራው ዘገባ ያሳያል። መዝጋቱ ሳይሆን መክፈቱ ነው በአቅራቢያው ያለውን የካላማዙ ወንዝ ያጠቆረው።

[ምስል፦ የመንግሥት ተቆጣጣሪ፣ በእጁ የግፊት መለኪያ]

ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በዚህ መካከል ይገባል። በአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሥር ያለው የቧንቧ መስመሮችና የአደገኛ ቁሶች ደህንነት አስተዳደር በአጭሩ ፊምሳ ይባላል። ቧንቧ ሲፈስ ፊምሳ የማስተካከያ ትዕዛዝ ማውጣት ይችላል። ትዕዛዙ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ተመሳሳይ ነው፦ የማስነሻ ዕቅድ በጽሑፍ ይቅረብ፣ እስኪፈቀድ ድረስ አይከፈት፣ ሲከፈትም ግፊቱ አደጋው በደረሰበት ሰዓት ከነበረው በ20 በመቶ ዝቅ ይበል። ኩባንያው ወደ ሙሉ ግፊት ለመመለስ ቧንቧው ብቁ መሆኑን ማሳየት አለበት።

ኮሎኒያል ራሱ ይህን መንገድ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2016 አላባማ ውስጥ ቤንዚን ሲፈስበት ትዕዛዝ ወጥቶበታል፤ የተጎዳውን ክፍል የሚያልፍ ጊዜያዊ ቧንቧ ዘርግቶ መስመሩን ሲያስነሳ 12 ቀን ገደማ አልፎ ነበር።

በ2021 ግን የተበሳ ቧንቧ የለም። ታዲያ ተቆጣጣሪው ምን ይፈትሻል? ሰውን ነው የሚፈትሸው። ኮምፒውተሩ ባይኖር ሠራተኞቹ መስመሩን በእጅ ማንቀሳቀስ ይችላሉ ወይ? የአሜሪካ ደንብ መስመሩ በእጅ በሚሠራበት ጊዜ የሚያገለግለውን የውስጥ መገናኛ ዕቅድ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ በ15 ወር ውስጥ፣ እንዲሞከር ያዛል። አሰልቺ አንቀጽ ይመስላል። በዚያ ሳምንት ግን ከእሱ የበለጠ ተፈላጊ አንቀጽ አልነበረም።

[ምስል፦ ነዳጅ ማደያ፣ ረጅም የመኪና ሰልፍ]

እስከዚያው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደንብ ማላላት ያዙ። ነዳጅ ጫኝ ሾፌሮች ከተወሰነው ሰዓት በላይ እንዲነዱ በ17 ክፍለ ግዛቶችና በዋሽንግተን ዲሲ ተፈቀደ፤ የቤንዚን ጥራት መስፈርትም ለጊዜው ላላ። መስመሩ ሜይ 12፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ፣ መነሳት ጀመረ። ማደያዎቹ ግን ወዲያው አልሞሉም። ነዳጅ በቧንቧ ውስጥ በሰው እርምጃ ፍጥነት ነው የሚጓዘው፤ ከሂዩስተን ኒው ዮርክ ወደብ ለመድረስ በአማካይ 18 ቀን ተኩል ይፈጅበታል።

ከዚያ በኋላ ሌላ መሥሪያ ቤት ብቅ አለ፦ በአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣችንን የሚፈትሸው የትራንስፖርት ደህንነት አስተዳደር። የቧንቧ መስመሮች ጥበቃም የእሱ ኃላፊነት ነው፤ እስከዚያ ድረስ የሳይበር መመሪያው በፈቃደኝነት የሚተገበር ብቻ ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ ግን ጥቃት የደረሰበት ኩባንያ በ12 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅ ግዴታ ጣለ።

[ምስል፦ የቀን መቁጠሪያ ገጾች ወደ ኋላ ይገለበጣሉ]

አሁን ወደ ኋላ እንመለስ። የፊምሳ ተቆጣጣሪዎች የኮሎኒያልን የመቆጣጠሪያ ክፍሎች የፈተሹት ከጃንዋሪ እስከ ኖቬምበር 2020 ነው፤ ጥቃቱ ሊደርስ ወራት ሲቀሩት ማለት ነው። የጥሰት ማስታወቂያው የወጣው ግን በሜይ 2022፣ መስመሩ ከተከፈተ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ከተዘረዘሩት ጥፋቶች አንዱ በእጅ ለመዝጋትና ለማስነሳት በቂ ዝግጅት አለማድረግ ነበር፤ ይህም ለአገልግሎቱ መስተጓጎል አስተዋጽኦ አድርጓል ብሏል መሥሪያ ቤቱ። ወረቀቱ ከነዳጁም ቀርፋፋ ነው።

የቀረበው ቅጣት 986,400 ዶላር ነበር። ኩባንያው ለሰርጎ ገቦቹ የከፈለው 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው።