የልጆች ኪንታሮት፦ ማከም ወይስ መጠበቅ?

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሣው በልጆች እጅና እግር ላይ የሚወጣውን ኪንታሮት ነው። ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ «በምን እናጥፋው?» እያሉ ነው፤ እኔ ግን አስቀድመን «መጥፋት አለበት ወይ?» ብለን ልንጠይቅ እንደሚገባ አምናለሁ።

ኪንታሮት የሚመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ በተባለው ቫይረስ ነው። ቫይረሱ በተጫረ ወይም በተሰነጠቀ ቆዳ ገብቶ በላይኛው የቆዳ ንብርብር ውስጥ ብቻ ስለሚኖርና ወደ ደም ስለማይዘልቅ፣ የሰውነት የመከላከል አቅም የሚደርስበት ዘግይቶ ነው። ከደረሰበት በኋላ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፈዋል፤ ከሦስት ልጆች በሁለቱ ያህል ላይ ኪንታሮቱ በ2 ዓመት ውስጥ ያለ መድኃኒት ይጠፋል። ስለዚህ ልጁን የማያመውንና የማያሳቅቀውን ኪንታሮት እየተከታተሉ መጠበቅ ቸልተኝነት አይደለም።

ሲራመድ የሚያመው ወይም እኩዮቹ የሚያሾፉበት ልጅ ግን መታከም አለበት። እኔ የማስቀድመው ሳሊሲሊክ አሲድን ነው፤ ቦታውን ለ5 ደቂቃ ያህል ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፎ፣ የሞተውን ቆዳ በቀስታ ሞርዶ፣ በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ቆዳ በቫዝሊን ከልሎ፣ በየቀኑ እስከ 12 ሳምንት መቀባት ያስፈልጋል። «አልሠራልንም» ከሚሉኝ ወላጆች ብዙዎቹ ቶሎ ያቋረጡ ናቸው፤ አልፈርድባቸውም፣ በየምሽቱ አንድን ልጅ አስቀምጦ ይህን ሁሉ ማድረግ አድካሚ ነው። ፊትና ብልት ላይ ግን ይህ መድኃኒት ፈጽሞ በቤት ውስጥ አይቀባም።

በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ ሌላው አማራጭ ሲሆን፣ የፈሳሹ ሙቀት ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በመሆኑ ያማል፣ ውኃ ያስቋጥራል፣ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይም ነጣ ያለ ምልክት ሊተው ይችላል። እያለቀሰ የሚታገልን ሕፃን በግድ ይዞ፣ በራሱ ጊዜ ሊጠፋ ለሚችል ነገር እንዲህ ማሳመም ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ሕክምናው ምን እንደሆነ ተረድቶ የተስማማ ትልቅ ልጅ ጉዳይ የተለየ ነው።

መጠበቅ የሌለበት ጊዜም አለ። የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ልጅ ኪንታሮት ሲበዛበት ሐኪም ሊያየው ይገባል። በብልት አካባቢ የሚወጣው በወሊድ ጊዜ ከእናት ወይም ከልጁ ከራሱ እጅ ሊተላለፍ ቢችልም፣ የፆታ ጥቃት ምልክት የሚሆንበት ጊዜ ስላለ፣ ማንንም ሳይወነጅሉ፣ ልጁንም ሳያስፈራሩ፣ በሕፃናት ጉዳይ ልምድ ባለው ባለሙያ ሳይዘገይ መመርመር አለበት።