ከአንጀት ግድግዳ የተጣበቁት

ክብርት የመድረኩ ሰብሳቢ፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

የተሰጠኝ ርእስ፣ ከአንጀት ግድግዳ የሚጣበቁ ባክቴሪያዎች፣ ሰፊ ቢሆንም፣ ሳልናገረው ከዚህ መድረክ መውረድ የማልፈልገው ጉዳይ አንድ ነው፤ ሰገራ መርምረን «የአንጀት ባክቴሪያ ይህን ይመስላል» እያልን መጻፋችንን እንድንተው።

ከምግብ ዝቃጭ ጋር አብሮ የሚጓዘው ባክቴሪያና ግድግዳው ላይ የሚኖረው አንድ አለመሆናቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በትልቁ አንጀት ውስጥ ሕዋሳቱን የሚሸፍነው የንፍጥ ልባስ ሁለት ንብርብር ሲሆን፣ ላላ ያለው ንብርብር ባክቴሪያ ይኖርበታል፤ ለሕዋሳቱ የቀረበው ጥቅጥቅ ያለ ንብርብር ግን በጤናማ አንጀት ውስጥ ባክቴሪያ እምብዛም አይዘልቀውም። እስከ ሕዋሱ ደርሶ መጣበቅ የጥቂቶች ችሎታ ነው።

ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ በአይጦች ትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ የሚገኘው፣ በክፍልፋዮች የተያያዘው ክር መሰል ባክቴሪያ ነው። የክሩ ጫፍ የሕዋሱን ሽፋን ሳይበሳ ወደ ውስጥ ያሰረጉደዋል፤ ከሥሩም አክቲን የሚባለው፣ ለሕዋሱ ቅርጽ የሚሰጠው ፕሮቲን ይከማቻል። ይህ አንድ ባክቴሪያ ቲኤች 17 የሚባሉትን የመከላከያ ሕዋሳት እንደሚያበዛ እ.ኤ.አ. በ2009 ታወቀ። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን በ2015 የወጣው ሥራ ነው፤ ከትልቁ የአይጥ ዝርያ (ራት) የተወሰደው ይኸው ክር መሰል ባክቴሪያ በትንሹ ዝርያ (ማውስ) አንጀት ውስጥ ቢራባም ከግድግዳው ግን አልተጣበቀም፤ ቲኤች 17 ሕዋሳቱም አልበዙም። ዝርያዎቹ ሲለዋወጡም ውጤቱ ያው ሆነ። እንግዲህ ልጠይቃችሁ፦ ባክቴሪያው መኖሩን ብቻ የሚነግረን የሰገራ ምርመራ፣ መጣበቁንና አለመጣበቁን በምን ይለይልናል? አይለይልንም! የአይጦቹ ቲኤች 17 ሕዋሳት የበዙት ግን በዚሁ መጣበቅ ነው።

ይህን እያወቅን ከግድግዳው ናሙና ለመውሰድ ያቀረብነው የጥናት ዕቅድ «ሰገራ ይበቃል» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ተመልሶብናል። ለምኑ ይበቃል? ከጤናማ ሰው አንጀት ቁራጭ መውሰድ ቀላል እንዳልሆነ፣ ከምርመራው በፊት የሚሰጠው የአንጀት ማጽጃም ናሙናውን እንደሚለውጥ አልክድም። ችግሩ ግን ዘዴ እንድናበጅ ያስገድደናል እንጂ ጥያቄውን እንድንሰርዝ አይፈቅድልንም።



የምጠይቀው ይህን ነው፦ ከዛሬ ጀምሮ በሰገራ ላይ የተሠራ ጥናት ሁሉ በሰገራ ላይ መሠራቱን በርእሱ ይጻፍ፤ ጽሑፍ የምትገመግሙም ይህን ያላሟላውን መልሱ።