በ91 ድምፅ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳያደናግራችሁ።

ነገሩ ባቡር ላይ ነው የጀመረኝ። ከሙኒክ ወደ ቬሮና ስሄድ ብሬነርን አልፈን ጣሊያን እንደገባን እያንዳንዱ ጣቢያ ሁለት ስም አለው። ቦልዛኖ፣ አጠገቡ ደግሞ ቦትሰን። ሁለት ስም ያለው ከተማ ስታዩ ከጀርባው ክርክር አለ፤ ይሄን ለእኛ ማንም ማስረዳት የለበትም። ቤት ስገባ ማንበብ ጀመርኩ፣ ከዚያ ሲልቪየስ ማኛጎ የሚባሉ የዚያ አገር ፖለቲከኛ ጋ ደረስኩና እዚያው ቀረሁ።

አገሩ ደቡብ ቲሮል ነው። እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት የኦስትሪያ ነበር፣ በ1919 በውል ለጣሊያን ተሰጠ። ሕዝቡ ግን በአብዛኛው ጀርመንኛ ተናጋሪ ነው። ሙሶሊኒ ሲመጣ የጀርመንኛ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ የየመንደሩ ስም ወደ ጣሊያንኛ ተቀየረ፣ ልጆች ፊደላቸውን በየሰው ቤት ተደብቀው ይማሩ ነበር። በ1939 ደግሞ ሂትለርና ሙሶሊኒ ተስማሙና ሕዝቡን አስመረጡት፤ ወይ አገራችሁን ለቃችሁ ጀርመን ግቡ፣ ወይ ቅሩና ጣሊያን ሁኑ ተባለ። አብዛኛው እሄዳለሁ ብሎ ፈረመ። ማኛጎም ፈርመዋል። በጀርመን ጦር ተመልምለው ምሥራቅ ግንባር ሄዱ፣ በ1943 ዩክሬን ውስጥ ኒኮፖል ላይ ግራ እግራቸውን አጡ። ዕድሜ ልካቸውን በክራንች ነው የሄዱት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ማይጨው ላይ በ1936 ከወጉን ጦሮች አንዱ የፑስቴሪያ ክፍለ ጦር ነበር፣ ስሙን የወሰደው ከዚሁ አገር ሸለቆ ነው። ፋሺስቶቹ ለዚያ ክፍለ ጦር በ1938 ብሩኔክ በምትባል ከተማ ሐውልት አቆሙ፣ ከጦርነቱ በኋላ ሐውልቱ በተደጋጋሚ በፈንጂ ተመታ። ከደቡብ ቲሮል የተመለመሉ ጀርመንኛ ተናጋሪ ወጣቶችም፣ ቤታቸው ቋንቋቸው የተከለከለባቸው ልጆች ማለት ነው፣ በዚያው ባንዲራ ሥር እኛን ሊወጉ ተልከዋል። ይሄን ሳነብ ብዙ ቆየሁበት።

ወደ ማኛጎ ልመለስ። በ1946 ጣሊያንና ኦስትሪያ ፓሪስ ላይ ተፈራረሙ፣ ለደቡብ ቲሮል ራስ አስተዳደር ተባለ። በ1948 ሕጉ ሲወጣ ግን አውራጃውን ጣሊያንኛ ከሚናገረው ጎረቤቱ ከትሬንቶ ጋር አንድ ክልል ውስጥ ከተቱት፤ ክልሉ ሲደመር አብላጫው ጣሊያንኛ ተናጋሪ ሆነ። በወረቀት ራስ አስተዳደር አለ፣ ሥልጣኑ ግን ሌላው ጋ ነው። ማኛጎ በዚያው ዓመት ምክር ቤት ገቡ፣ በ1957 የደቡብ ቲሮል ሕዝብ ፓርቲ መሪ ሆኑ። በዚያው ዓመት ሮም ቦልዛኖ ውስጥ 5 ሺህ ቤት ልሠራ ነው አለች። ሰው አበደ፤ በጣሊያናውያን ሊያጥለቀልቁን ነው አለ።

ኅዳር ወር ላይ ሲግሙንድስክሮን ግንብ ግቢ ውስጥ ወደ 35 ሺህ ሰው ተሰበሰበ። ከመሐሉ ከዚያው ወደ ቦልዛኖ እንትመም የሚል ነበር። ማኛጎ ግን ሰልፉ በሰላም እንደሚያልቅ ለባለሥልጣናቱ ቃል ሰጥተው ነበር። እስቲ አስቡት፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ አንድ እግር ያላቸው ሰው፣ ፊታቸው በቁጣ የነደደ ሕዝብ። "ከሮም እንለይ" ቢሉ ኖሮ የሚሆነውን ማንም ያውቀዋል። እሳቸው "ከትሬንቶ እንለይ" አሉ። መገንጠል ሳይሆን የራሳችን አስተዳደር ማለታቸው ነው። ከዚያ ሕዝቡን ወደ ቤቱ ሸኙት።

ሁሉም አልሰማቸውም። በሰኔ 1961 በአንድ ሌሊት 37 የከፍተኛ ኃይል የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች በፈንጂ ተመቱ። በማግስቱ አንድ የመንገድ ሠራተኛ ያልፈነዳ ቦምብ ሲያነሳ ሞተ። የታሰሩት ተገረፉ፣ ተሠቃዩ። ማኛጎ በዚህ ጊዜ የአውራጃው ፕሬዚዳንት ናቸው፤ አንዱ ወገን ለአሸባሪ ያደላል ይላቸዋል፣ ሌላው ልጆቻችንን ከዳ ይላቸዋል። እሳቸው መደራደራቸውን ቀጠሉ። ኦስትሪያ ጉዳዩን የተባበሩት መንግሥታት ድረስ ወስዳው ስለነበር ሮምም ዝም ማለት አልቻለችም፣ አጥኚ ኮሚሽን አቋቋመች። ከዓመታት በኋላ 137 እርምጃዎች ያሉት ፓኬጅ የሚሉት ስምምነት መጣ።

እኔን የያዘኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ማኛጎ ያንን ወረቀት ይዘው ሮም ላይ ፈርመው መምጣት አልፈለጉም፣ በኅዳር 1969 ሜራኖ ላይ የፓርቲያቸው ጉባኤ ፊት አቀረቡት። ግማሹ ጉባኤተኛ ተሸጥን ብሎ ነው የመጣው። ክርክሩ እስከ ሌሊት ሄደ። ድምፅ ሲቆጠር 583 ደግፎ 492 ተቃወመ። ልዩነቱ 91 ነው! የአንድ ሕዝብ ዕጣ በ91 ሰው። መሪ ስንል ብዙ ጊዜ ሕዝቡ የሚፈልገውን ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ነው የሚመስለን፣ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። እሳቸው ግን የጠየቃችሁትን ሁሉ አላመጣሁም፣ ያመጣሁት ይሄ ነው፣ ብለው በወገናቸው ፊት ለመሸነፍ ተዘጋጅተው ነው የቆሙት። የተቃዋሚዎቹ መሪ ፔተር ብሩገርም ተሸነፍኩ ብሎ ፓርቲውን ጥሎ አልወጣም። ለእኔ ይሄም እኩል ይከብዳል።

አዲሱ የራስ አስተዳደር ሕግ በ1972 ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ አድካሚው ሥራ መጣ፣ እያንዳንዱን አንቀጽ ከሮም ጋር መነታረክ። የመንግሥት ሥራ እንደ ቋንቋ ወገኑ ብዛት ይከፋፈላል፣ ሠራተኛው ሁለቱንም ቋንቋ ማወቅ አለበት፣ ከሚሰበሰበው ግብር አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ማኛጎ እስከ 1989 በሥልጣን ቆዩ። በ1992 ኦስትሪያ ክርክሩ አብቅቷል አለች። ማኛጎ በ2010 በ96 ዓመታቸው አረፉ።

ሁሉ ነገር አማረ እያልኩ አይደለም። ልጆቹ ዛሬም በየቋንቋቸው ለየብቻ ነው የሚማሩት። ያኔ ደግሞ በቆጠራ ጊዜ ከሦስቱ የቋንቋ ወገኖች፣ ከጀርመንኛ፣ ከጣሊያንኛና ከላዲን፣ የትኛው እንደሆንክ ትፈርም ነበር። አሌክሳንደር ላንገር የሚባል የዚያው አገር ሰው አልፈርምም አለ፣ በ1995 ለቦልዛኖ ከንቲባነት ሊወዳደር ሲል በዚሁ ምክንያት ታገደ። አባቱ አንድ እናቱ ሌላ የሆነ ሰው ምን ብሎ ይፈርም? የማኛጎ የራሳቸው አባት ጣሊያንኛ ተናጋሪ ነበሩ እኮ፣ እናታቸው ኦስትሪያዊት። በዚህ ላይ ከላንገር ጋር ነኝ። ግን ላንገር ያንን ክርክር በሰላም መከራከር የቻለው ፈንጂው ስለቆመ ይመስለኛል።

እስካሁን ቦልዛኖን በባቡር መስኮት ብቻ ነው ያየሁት። በሚቀጥለው እወርዳለሁ። ሲግሙንድስክሮን አሁን ሙዚየም ሆኗል፣ ግቢው ውስጥ ቆሜ ያ ሁሉ ሰው የት የት እንደቆመ ማየት እፈልጋለሁ። ከተማው ውስጥ ደግሞ አምባ አላጌ የሚባል ጎዳና አለ። እሱንም በእግሬ እሄድበታለሁ፣ ስመለስ እነግራችኋለሁ። በሉ ደህና ሁኑ።