ትንሽ አኳሪየም ልታቆሙ ነው? ዓሣው ይቆይ

[ባዶ የመስታወት ገንዳ። አጠገቡ ሦስት ቢጫ ጀሪካን።]

ይሄ ገንዳ ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 35 ሴንቲሜትር ነው። 60 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ሦስት ጀሪካን ማለት ነው። ውሃው ብቻውን ከግማሽ ኩንታል በላይ ስለሚመዝን የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ እንዳታስቀምጡት። ዛሬ ውስጡ የሚገባውን እንመርጣለን። መጀመሪያ ተክሉን። ዓሣው ይቆየን።

ለምን? እኔ ስለተቃጠልኩ ነዋ። የመጀመሪያ ገንዳዬን ቅዳሜ ጠዋት ሞላሁ። ከሰዓት በኋላ ሦስት ወርቅ ዓሣና መስታወት የምትልስ አንዲት ጥቁር ዓሣ በፌስታል ይዤ ገባሁ። ሻጩ «ይቺ ታጸዳልሃለች፣ አንተ ቁጭ ብለህ ማየት ብቻ ነው» ብሎኝ ነበር። ማክሰኞ ውሃው ወተት ጠብ ያለበት መሰለ። ዓርብ አንዳቸውም አልነበሩም።

[ደፍራሽ ውሃ፣ በቅርብ።]

የገደላቸው ረሃብ አይደለም፣ አሞኒያ ነው። ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ያስወጣል። ኩሱና የተረፈው ምግብም ሲበሰብስ ያንኑ ያመጣል። ይህን መርዝ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ወደ ናይትሬት የሚቀይሩ ባክቴሪያዎች አሉ። ናይትራይትም መርዝ ነው። ናይትሬት ግን ካልበዛ ዓሣውን አይጎዳም፤ ተክሎቹም ይመገቡታል። ችግሩ፣ አዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች ገና የሉም ማለት ይቻላል። ውሃውን በሚያጣራው ፊልተር ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል።

ነገሩ እንደ እንጀራ ሊጥ ነው። ያለ እርሾ አይሆንም። አኳሪየም ያለው ጎረቤት ካላችሁ እርሾ እንደምትለምኑት ሁሉ ከአሮጌ ፊልተሩ ቁራጭ ስፖንጅ ለምኑት። ገንዳው ጤነኛ ከሆነ ሳምንታት ታተርፋላችሁ። ከሌላችሁ በየሁለት ቀኑ ቆንጠር ያለ የዓሣ ምግብ ባዶ ገንዳው ውስጥ ጣል እያደረጋችሁ ጠብቁ። እየበሰበሰ ባክቴሪያዎቹን ይቀልባል። ውሃው ደግሞ በረኪና በረኪና የሚል የቧንቧ ውሃ ከሆነ፣ ክሎሪኑ እንዲበን አፉ በተከፈተ ባልዲ አንድ ቀን አሳድሩት።

[አረንጓዴ ተክል በእጅ ተይዞ።]

በዚህ ጊዜ ተክሎቹን እንተክላለን። ለጀማሪ ሦስት ይበቃሉ።

ይሄ አኑቢያስ ነው። አገሩ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ወንዝ ዳር። ቅጠሉ ወፍራም፣ መብራት ቢያንሰውም የማይከፋው፣ እድገቱ ግን የኤሊ ነው። አሁን ሥሩን በደንብ እዩት። ዝንጅብል የሚመስል አግዳሚ ግንድ አለው አይደል? ይህ ዝንጅብል ጠጠር ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ብዙ ሰው አኑቢያስ የሚገድለው እዚህ ጋ ነው። በክር ድንጋይ ላይ እሰሩት። ክሮች የመሰሉት ሥሮቹ ራሳቸው መንገዳቸውን ያገኛሉ።

ጃቫ ፈርንም እንደዚሁ ይታሰራል። ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ታሟል ብላችሁ አትቁረጡት። ብዙ ጊዜ እዚያው ቅጠሉ ላይ ሕፃን ተክል ሊያወጣ ነው።

ሦስተኛው ሆርንዎርት ነው። ሥር የለውም፤ ውሃ ላይ ጣል ማድረግ ብቻ። በፍጥነት ያድጋል፣ ሲያድግ ደግሞ አሞኒያውን ይጠጣል። ለአዲስ ገንዳ ከዚህ የተሻለ ዘበኛ አላውቅም። መርፌ መርፌ የሚያክል ቅጠሉን ማርገፉ ግን ያናድዳል።

መብራቱ በቀን በድምሩ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ያህል ይብራ። ገንዳውን መስኮት ሥር ካስቀመጣችሁት የወንዝ ድንጋይ ላይ የሚያዳልጠው አረንጓዴ ነገር መስታወቱን ይወርሰዋል።

አንድ ነገር ላስገባ። ከርክማችሁ የጣላችሁትን ተክል ወንዝ ወይም ቦይ ውስጥ እንዳትጥሉ። ፀሐይ ላይ አድርቁትና ቆሻሻ ውስጥ ክተቱት። ጣናን የወረረው እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። በዓለም ዙሪያ የተሠራጨው በአብዛኛው አበባው ስለሚያምር ሰው ለጌጥ እየወሰደው ነው።

[ቴርሞሜትር፣ በቅርብ።]

አሁን ዓሣ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የት እንደምትኖሩ አስቡ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ሙቀቱ እኩል ቢሆንም ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅን በሩብ ገደማ ያንሳል። ኢንተርኔት ላይ «ለዚህ ገንዳ ይሄን ያህል ዓሣ» የሚለው ሂሳብ ለእኛ ይበዛል። እኔ ሩቡን ቀንሼ ነው የምጀምረው።

ብርዱም አለ። የሞቃት አገር ዓሣ 25 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። የክረምት ሌሊት ሳሎናችን እዚያ አይደርስም። ማሞቂያ ግድ ነው፤ ለ60 ሊትር 100 ዋት ይበቃል። ድሬዳዋ ያላችሁ፣ የእናንተ ጭንቀት ሌላ ነው። ውሃው እንዳይግል ተጠንቀቁ።

የመጀመሪያ ምርጫዬ ጉፒ ነው። ስምንት፣ ሁሉም ወንድ። ሴት ከጨመራችሁ በወር በወሩ ሃያ፣ ሠላሳ ልጅ ትወልዳለች። ወንዱን ብታወጡት እንኳ ዘሩን ይዛ ስለምትቆይ ለወራት መውለዷን አታቆምም። ወንዱ ትንሽና ባለ ቀለም ነው። ከሆዱ ሥር ያለችው ክንፉ እንደ ስንጥር ቀጭን ናት፤ የሴቷ እንደ ማራገቢያ ሰፊ ነው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጡ ነጭ ቅርፊት የሚይዝ ከሆነ ውሃችሁ ማዕድን ይበዛበታል ማለት ነው። ጉፒ ደግሞ እሱን ይወዳል።

ወይም አንድ ቤታ። ከውሃው በላይ ብቅ እያለ አየር ስለሚስብ ከፍታው ብዙም አያስጨንቀውም። ሁለት ወንድ ግን አይሆንም፤ ይገዳደላሉ። ባለ ረጅም ጭራ ጉፒ ጋርም አታኑሩት፣ ባላንጣው ይመስለዋል።

ኒዮን ቴትራ ያምራል፣ አውቃለሁ። ገንዳው ወራት ሲያስቆጥር አምጡት፣ ያውም ከስድስት ሳያንስ። ወርቅ ዓሣስ? ሃያ ሴንቲሜትር ሊደርስ የሚችልና ኩሱ የበዛ ዓሣ ነው፤ ሦስት ጀሪካን አይበቃውም። ያቺ መስታወት ላሿም ብትኖርልኝ ኖሮ ከሠላሳ ሴንቲሜትር ታልፍ ነበር። ሻጩ ይህን አልነገረኝም።

[ሻማ። ገንዳው ጋቢ ለብሷል።]

መብራት ሲጠፋ ፊልተሩም ማሞቂያውም ይቆማሉ። ገንዳውን ጋቢ አልብሱት፤ ከላይ ትንሽ ክፍት ይሁን። በየግማሽ ሰዓቱ በኩባያ ውሃውን እየቀዳችሁ፣ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱት። አየር የሚገባው እንደዚያ ነው። መብራቱ እስኪመጣ ምግብ አትስጡ።

[ፌስታል ውሃው ላይ ተንሳፍፎ።]

ስድስት ሳምንቱ አልቋል፣ ዓሦቹ መጥተዋል። የገንዳውን መብራት አጥፉ። ፌስታሉን እንደታሰረ ሃያ ደቂቃ አንሳፍፉት። ከዚያ ፍቱትና በየአምስት ደቂቃው ግማሽ ስኒ የገንዳ ውሃ ጨምሩበት። አራት አምስቴ ከደጋገማችሁ በኋላ ዓሦቹን በመረብ አውጥታችሁ ልቀቋቸው። የፌስታሉን ውሃ ድፉት፣ ገንዳው ውስጥ አይግባ።

ያን ሌሊት ምግብ የለም። ጠዋት ስትነሱ አንድም ዓሣ ባይታያችሁ አትደንግጡ፤ አኑቢያሱ ሥር ፈልጓቸው። ቁጠሩ። ስምንት ካሉ፣ በሁለት ጣት ቆንጠር ያለች ምግብ።