መጀመሪያ ማዳመጫው፣ አምፑ በኋላ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ቤተሰቡ ተኝቷል፣ ዝናቡም ጋብ ብሏል። ዛሬ ስለ ጆሮ ማዳመጫ ነው የማወራችሁ። ቤት ቁጭ ብሎ ሙዚቃ ለመስማት የሚሆን፣ ላወጣችሁበት ብር የሚገባ ማዳመጫ እንዴት ይመረጣል? አምፕ፣ ማለትም ለማዳመጫው ኃይል የሚጨምር መሣሪያ፣ ያስፈልገዋል ወይ?

ይህን ያነሳሁት ሰሞኑን አንድ ዘመዴ ስለደወለልኝ ነው። ወንድሙ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው። «የትኛውን አምፕ ላስመጣ?» አለኝ። «ማዳመጫህ ምንድነው?» ስለው «እሱን ገና አልገዛሁም» አለኝ። ደነገጥኩ። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ በር ነው የገባሁት። ገንዘቤም ጊዜዬም የባከነው እዚያ ነው። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ልንገራችሁ።

እናቴ ቤት አንድ ካሴት አለ። እኔ ሳልወለድ፣ የእናቴ አጎት ደብረ ብርሃን ቤታቸው ውስጥ በገና ሲደረድሩ በቴፕ የተቀዳ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ እናቴ ከሣጥኗ ታወጣዋለች። አንድ ቀን ቴፑ ክሩን በልቶ እንዳያስቀረው ፈራሁና ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩት። ከዚያ በስልኬ ይዤው ዞርኩ። የምሰማው ከስልኩ ጋር በመጣችው ትንሽዬ ማዳመጫ ነው። ደስ ይለኝ ነበር። በገናው ግን አንድ ላይ የተድበሰበሰ ነገር ነበር፤ ከግድግዳ ጀርባ እንደሚመጣ ዝዝታ።

አንድ ቅዳሜ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 አለው። ይህ ማዳመጫ በ1997 ነው ገበያ የወጣው፣ ዛሬም ይሸጣል። ጓደኛዬ ጆሮዬ ላይ አደረገልኝና ያንን ቅጂ ከፈትኩት።

መጀመሪያ የካሴቱ የራሱ ሽሽታ መጣ። ቀጥሎ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ አንድ ሰው አየር ወደ ውስጥ ሳበ። አጎታችን ናቸው። ሊጀምሩ ሲሉ የሳቡት ትንፋሽ ነው። ቀረጻውን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ያ ትንፋሽ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ለእኔ አልነበረም። ከዚያ በገናው ገባ።

በገና አሥር ጅማት አለው። ጅማቱ በሚያርፍበት እንጨትና በጅማቱ መካከል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። እንዚራ ይሏታል። ያ ሆድ የሚያባባው ንዝረት የሚመጣው ጅማቱ ሲርገበገብ ከእሷ ጋር እየተነካካ ነው። እያንዳንዱ ጅማት የየራሱ ንዝረት እንዳለው ያን ቀን ሰማሁ። አንዱ ሻካራ ነው፣ አንዱ ለስለስ ይላል። አንደኛው ደግሞ ከሌሎቹ ቀድሞ ይጠፋል፤ ቆዳዋ በደንብ አልተቀመጠችም መሰለኝ። ጣታቸው ጅማቱን ሲለቅ ሁሉ ይሰማል። ጓደኛዬ ቡና ይዞ መጥቶ አጠገቤ ሲቆም አላየሁትም።

ታዲያ ማዳመጫው የተሰካው ጠረጴዛው ላይ ባለች ትንሽ ጥቁር ሣጥን ላይ ነበር። አምፕ ናት። እኔ ያን ሁሉ ያሰማችኝ እሷ መሰለችኝ። ስህተቴ እዚህ ጋ ነው።

ለወራት ቆጥቤ አምፕ ገዛሁ። ማዳመጫዬ ያው የድሮው ነው፤ 32 ኦም የሆነ ርካሽ ማዳመጫ። ኦም ማዳመጫው ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ መለኪያ ነው። ሰካሁት፣ ጮኸ። ጩኸቱን ጥራት ነው ብዬ ተቀበልኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደስ ብሎኝ ሰማሁ። ከዚያ አንድ ማታ የአጎታችንን ቅጂ ከፈትኩት። ሽሽታው አለ። ትንፋሹ የለም።

ያኔ ነው በትክክል ልፈትነው ያልኩት። ትንሽ ከፍ ያለ ድምፅ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ጆሮ በዚህ ይሸወዳል። ስለዚህ መልቲሜትር ተዋስኩ። አንድ ወጥ ዝቅተኛ ድምፅ አጫወትኩና ከስልኩ የሚወጣውንና ከአምፑ የሚወጣውን ቮልቴጅ እኩል አደረግኩ። እህቴን ከኋላዬ አስቀመጥኳት። እሷ ገመዱን ትቀያይራለች፣ «አሁንስ የቱ ነው?» ትለኛለች፣ እኔ እመልሳለሁ። 20 ጊዜ ቀያየረች፣ 11ዱን አገኘሁ። ሳንቲም ወርውሬ ብገምትም ያንኑ ያህል አገኝ ነበር። እህቴ ወረቀቱን ሰጥታኝ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ግን ወረቀቱን ይዤ ብዙ ቆየሁ።

ድምፁን የሚሠራው ማዳመጫው ነው። የአምፕ ሥራ ለማዳመጫው የሚበቃውን ኤሌክትሪክ ሳያዛባ ማቅረብ ነው። ስልካችሁ የሚበቃውን ካቀረበ አምፑ የሚጨምረው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሳይበቃ ሲቀር ደግሞ አምፕ ግድ ነው። በቃው አልበቃው የሚለውን ለማወቅ ሁለት ቁጥር ይበቃል።

አንዱ ኦም ነው። ሌላው ማዳመጫው በአንድ ቮልት ወይም በአንድ ሚሊዋት ስንት ዲሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) እንደሚያወጣ የሚናገረው ነው። ሴንሲቲቪቲ ይሉታል። ብዙ ሰው ኦሙን ብቻ አይቶ ይፈራል። «300 ኦም ነው፣ ያለ አምፕ አይሠራም» ይባላል። እስቲ አብረን እንቁጠረው። የኤችዲ 600 ታናሽ ወንድም የሆነው ኤችዲ 650 ልክ 300 ኦም ነው። አምራቹ በአንድ ቮልት 103 ዲሲቤል ያወጣል ይላል። የአፕል የዩኤስቢ ሲ ማገናኛ፣ ያቺ ማዳመጫን ከስልክ የምታገናኘው፣ 9 ዶላር የምትሸጠው አጭር ገመድ፣ የአሜሪካዋ አንድ ቮልት ገደማ ታወጣለች። እንግዲህ ከፍተኛው ድምፅ 103 ደረሰ ማለት ነው። የዛሬ ዘፈኖች ተጨምቀው ስለሚቀረጹ አማካይ ድምፃቸው ከከፍተኛው ብዙ አይርቅም። እነሱን በዚህ መጠን ብትከፍቱ ጆሯችሁ ይታመማል። አምፕ አያስፈልግም።

የአጎታችን ካሴት ግን ሌላ ነው። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነው የተቀዳው። አማካይ ድምፁ ከከፍተኛው 25 ዲሲቤል ያህል ዝቅ ይላል። 103 ላይ 25 ስትቀንሱ 78 ይቀራል። ያውም ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ። ትንሽ ልጨምር ብትሉ ቦታ የለም። አምፕ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ጓደኛዬ ጋ ያቺ ጥቁር ሣጥን ለዚያ ማዳመጫና ለዚያ ቅጂ ተገቢ ነበረች። ለእኔ ባለ 32 ኦሙ ማዳመጫ ግን ምንም አልሠራችም።

በዚያው ላይ ስለ ማገናኛዋ አንድ ነገር ልጨምር። ከአውሮፓ የምትመጣው የአሜሪካዋን ግማሽ ቮልቴጅ ነው የምታወጣው። በአንዳንድ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ደግሞ የአሜሪካዋም ድምፅ ያንሳል። ሰው ሲመጣላችሁ ከየት እንደሚገዛላችሁ ጠይቁ።

አምፕ ያስፈልገኛል ካላችሁም ብዙ ብር አታውጡ። 100 ዶላር አካባቢ የሚሸጡ እንደ ጄዲኤስ ላብስ አተም ያሉ አምፖች አሉ። አተም ለ32 ኦም ማዳመጫ አንድ ዋት ይሰጣል። ቤት ውስጥ ከሚያስፈልጋችሁ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። አስሩን ዲሲቤል ለመጨመር አስር እጥፍ ኃይል እንደሚጠይቅ ብታስቡት እንኳ የትየለሌ ነው። አምፑ ላይ የምታዩት አንድ ሌላ ቁጥር የመውጫው ኦም ነው። የማዳመጫችሁ ኦም ቢያንስ የዚያ ስምንት እጥፍ ይሁን። ካልሆነ ባሱ ያብጣል ወይም ይሟሽሻል።

ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ቤታችሁን ፈትሹ። አባቶቻችን ሳሎን ያስቀመጡት ትልቁ የስቴሪዮ አምፕ ፊቱ ላይ የማዳመጫ ቀዳዳ አለው። በብዙዎቹ አሮጌዎች ላይ ያ ቀዳዳ ከድምፅ ማጉያው መስመር በሬዚስተር በኩል የመጣ ነው። የመውጫው ኦም ብዙ ጊዜ ከመቶ በላይ ነው። ለ32 ኦም ማዳመጫ አይሆንም። 300 ኦም ለሆነው ግን ባሱን ትንሽ ሞቅ ያደርገዋል እንጂ አይጎዳውም። እኔ ይህንን ባውቅ ኖሮ ያንን አምፕ ትቼ ብሬን ባለ 300 ኦም ማዳመጫ ላይ አውል ነበር። ለአምፑ የስቴሪዮውን አቧራ መጥረግ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

እንግዲህ ማዳመጫው የቱ ይሁን? መጀመሪያ ቤታችሁን አስቡት። ክፍት ጀርባ ያለው ማዳመጫ ድምፁ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የውጩም ይገባል። ሙዚቃው ጭንቅላታችሁ ውስጥ ከመታፈን ይልቅ ከፊታችሁ የተዘረጋ ይመስላል። ለእኔ ሌሊት፣ ሁሉም ሲተኛ፣ ከእሱ የሚስተካከል የለም። ግን ክረምት ላይ ቆርቆሮው ሲደበደብ ሙዚቃውን ዝናቡ ይበላዋል። አጠገባችሁ ሰው ቢተኛም ይረበሻል። የምትኖሩት አንድ ክፍል ውስጥ ከቤተሰብ ጋር ከሆነ ዝጉን ግዙ። ማንም ክፍቱ ይበልጣል ቢላችሁ አትስሙት።

ከዝጎቹ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮን እወደዋለሁ። ለብዙ ዓመት ጀርመን አገር ሲሠራ የኖረ ነው። የባለ 80 እና የባለ 250 ኦሙ የጆሮ ስፖንጅ ከፋይ ጨርቅ ነው፣ አያልብም። በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይሸጣል። በስልክ ለመስማት 250ውን አትውሰዱ። የኦዲዮ ቴክኒካው ኤም 40 ኤክስም ጥሩ ነው። እሱ 35 ኦም ስለሆነ ማንኛውም ስልክ ያሠራዋል። ከክፍቶቹ ፊሊፕስ ኤስኤችፒ 9500 ምቾቱ ደስ ይላል፤ ሲያገኙት ነው እንጂ።

በትንሽ ብር ልጀምር ለሚል ሰው መልሴ አንድ ነው። ኮስ ፖርታ ፕሮ። በ1984 የወጣች ናት። ክብደቷ አይሰማም፣ ታጥፋ ኪስ ትገባለች፣ 60 ኦም ናት፣ አምፕ አትጠይቅም። መልኳ ያረጀ ነው። ድምፁን ስትሰሙ ግን ለምን 40 ዓመት እንደኖረች ይገባችኋል። ለዚያ ለደወለልኝ ዘመዴም እሷን ነው ያልኩት። ትንሽ ቆጥቦ ኋላ ወደ ትልቁ ይሄዳል።

ስትገዙም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኔ አንድ ሱቅ ውስጥ የታወቀ ስም የተጻፈበት ማዳመጫ ገዝቼ ተታልያለሁ። ካርቶኑ ውብ ነው፣ ፊደሉም ልክ ነው። ሰክቼ ስሰማው የቀኙ ከግራው ያንሳል። መልሼ ስወስደው «ከሱቅ ከወጣ አይመለስም» ተባልኩ። አሁን ሳልሰማ አልገዛም። ስልኬ ላይ ከታችኛው ባስ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ የሚወጣ ድምፅ ጭኛለሁ። ባሱ ላይ የሚንኮሻኮሽ ነገር ካለ አንድም ውስጡ ፀጉር ገብቷል፣ አንድም ተቀዷል። ድምፁ ከመሃል ወደ አንድ ጎን ከሸሸ ሁለቱ እኩል አይደሉም።

ያገለገለ መግዛት አትፍሩ። ከገመድ እስከ ስፖንጅ ሁሉም ነገር ያረጃል፤ ቁም ነገሩ መለዋወጫ መገኘቱ ነው። ኤችዲ 600ን የማከብረው ለዚህም ነው። ገመዱ ይነቀላል፣ ስፖንጁ ይቀየራል፣ የራስ ማሰሪያው ይቀየራል። ስፖንጁ ሲሟሽሽ ድምፁም ይለወጣልና «ድሮ እንዲህ አልነበረም» ስትሉ መጀመሪያ እሱን እዩት።

የጆሮን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዲሲቤል ነው። 90 ላይ ስትደርሱ ያ 40 ሰዓት ወደ 4 ይወርዳል። ጥሩ ማዳመጫ ሲኖራችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ነው የምትሰሙት፤ ዝርዝሩን ለመስማት ማስጮህ አያስፈልግምና። የእኔ ልምድ ይሄ ነው።

እኔ በመጨረሻ ያንን አምፕ ሸጬ፣ ትንሽ ጨምሬበት፣ ያገለገለ ኤችዲ 600 ገዛሁ። ስፖንጁን ቀየርኩለት። የምሰካው እናቴ ቤት ያለው የድሮው ስቴሪዮ ላይ ነው።

ባለፈው ጾም እናቴን ሶፋው ላይ አስቀመጥኳት። ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለጥ አድርጌ አጠለቅኩላት። «ይሄ ከባድ ነው፣ ልጄ» አለችኝ። ካሴቱን ከፈትኩ። መጀመሪያ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ሽሽታው ነው ብዬ ገመትኩ። ከዚያ ወንበሩ። ከዚያ በሁለት እጇ ማዳመጫውን ይዛ ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘችው። አየችኝ። እንደማልሰማት አስባ ነው መሰለኝ፣ ጮክ ብላ፦

«ትንፋሹ! የጋሼ ትንፋሽ እኮ ነው!»