የግንቦት 8 መኮንኖች ታማኝነታቸው ለማን ነበር?

የተከበራችሁ የቀድሞ ሠራዊት አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወጣቶች፤ እንደምን አመሻችሁ።

የቆምኩት ስለ ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ልናገር ነው፤ ጄኔራሎች በኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ መፈንቅለ መንግሥት ስለሞከሩበት ቀን። በዚያ ቀን የተነሡትን ጄኔራሎች ጀግና የሚላቸው አለ፤ ከሃዲ የሚላቸውም አለ። እኔ የማነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። መኮንን የሚታመነው ለሾመው ሰው ነው? ወይስ እሱ አዞት ለሚሞተው ወታደር?

ነገሩ በአንድ ጀንበር አልመጣም። በየካቲት 1980 ኤርትራ ውስጥ ይዋጋ የነበረው የናደው እዝ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በገዛ መንግሥታቸው ተረሸኑ። ወር ቆይቶ የእዙ ሰፈር አፍአበት በሻዕቢያ ተያዘች፤ እዙም ፈረሰ። በየካቲት 1981 ደግሞ ትግራይ ውስጥ ሽሬ ላይ አንድ ሙሉ ኮር ተደመሰሰ። እስቲ በዚያ ጊዜ አዛዥ የነበረን ሰው አስቡት። ከፊቱ ውጊያ አለ። ከጎኑ ፓርቲው የመደበው ተቆጣጣሪ፣ የፖለቲካ ኮሚሳር ተቀምጧል፤ አዛዡ የሚናገረው ሁሉ በሌላ መስመር ወደ ላይ ይደርሳል። ይህ ጦር መዋጋት አይችልም ብሎ እውነቱን ቢናገር የጄኔራል ታሪኩ ዕጣ ይጠብቀዋል። ዝም ቢል ልጆቹ ያልቃሉ። ጦርነቱ ደግሞ የእርስ በርስ ነው። በሠራዊቱ ውስጥ ኤርትራና ትግራይ የተወለዱ መኮንኖች ነበሩ። ማዶ ካለው ምሽግ የሚተኩሰው የአክስት ልጅ ሊሆን ይችላል። ይህን ሸክም እዚህ ካላችሁት አባቶቼ በላይ የሚያውቀው የለም።

የተነሡት ሰዎች ፈሪዎች አልነበሩም። ጄኔራል ፋንታ በላይ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ አየር ኃይሉን የመሩ ናቸው። ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ አስመራ ላይ ሁለተኛውን አብዮታዊ ሠራዊት ያዝዙ ነበር። ኢታማዦር ሹሙ መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይል አዛዡ አምሃ ደስታም ሥልጣን የጎደላቸው ሰዎች አልነበሩም። ዝም ቢሉ ኖሮ በወንበራቸው ይቆዩ ነበር። እኔ የማከብራቸው በዚህ ነው።

ግን አመራራቸው ወደቀ። ይህንንም መናገር አለብኝ። ኮሎኔል መንግሥቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን እንደበረሩ ጄኔራሎቹ መከላከያ ሚኒስቴር ተሰበሰቡ። የመከላከያ ሚኒስትሩ እዚያው ተገደሉ። ሰዓቱ በስብሰባ አለቀ። ሕንፃው በታንክ ተከበበ። መርዕድና አምሃ ራሳቸውን አጠፉ። ከአስመራ ወደ አዲስ አበባ የተላከው አየር ወለድ ለምን እንደመጣ በቅጡ አልተነገረውም ይባላል። ለእኔ ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። ወታደሩ ከሞት እንዲድን ተነሡ፤ ወታደሩን ግን አላማከሩትም። ጄኔራል ደምሴ በጥቂት ቀን ውስጥ አስመራ ላይ የተገደሉት በራሱ በሠራዊቱ ሰዎች እጅ ነው። ከዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1982፣ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። አንድ ሠራዊት በጦርነት መካከል የልምድ ባለቤቶቹን እንዲህ ሲያጣ ምን ይቀረዋል?

ሌላ ስምም ልጥራ። በየካቲት 1982 ምፅዋ ስትያዝ ጄኔራል ተሾመ ተሰማ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። ደምሴ ጦርነቱ እንዲቆም ፈለጉ፤ ተሾመ እስከ መጨረሻው ተዋጉ። ሁለቱም ያሰቡት ለአገር እንደሆነ አምናለሁ። አንዱን ለማወደስ ሌላውን መስደብ የለብንም። በየለቅሶ ቤቱና በየማኅበሩ ግን የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ልጆቻቸው ይሰማሉ።

ክህደት የሚባል ነገር ካለ እኔ የማየው በግንቦት 13 ቀን 1983 ነው። የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ ኮሎኔል መንግሥቱ አውሮፕላን ተሳፍረው ከአገር ወጡ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሠራዊት አዛዥ አጥቶ ሜዳ ላይ ተበተነ። ስንቱ በባዶ እግሩ ሱዳን ገባ፣ ስንቱ በየከተማው ለመነ። ከላይ ታማኝነት ሲጠይቅ የኖረ ሰው ወደ ታች አንዲት የስንብት ቃል አልነበረውም።

አባቶቼ፣ አንድ ልመና አለኝ። በዚያ ሳምንት አስመራም ሆነ አዲስ አበባ የነበራችሁ፣ ከየትኛውም ወገን ሁኑ፣ ቃላችሁን ስጡን። ክፍላችሁን፣ ማን ምን ብሎ እንዳዘዛችሁ፣ እናንተም ምን እንደወሰናችሁ ንገሩን። ወጣቶቹ መቅጃ ይዘው ከኋላ ተቀምጠዋል። ዛሬ ማታውኑ መጀመር እንችላለን።